ለወንድሜ ጀልባ የዕቃ ሳጥን ለማሠራት ባሕር ዳር ያሳለፍኩት አምስት ሳምንት

ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስባት ጀልባ ሰባት ሜትር የምትሆን፣ ከላሜራ የተበየደች፣ ባለ አንድ ሞተር ናት። ባለፈው ዓመት በስልክ እያሳየኝ ሳለ ላይፍ ጃኬቶቹ የት እንዳሉ ብጠይቀው፣ ከፊተኛው ጫፍ ከቤንዚን ጀሪካን፣ ከገመድና ከባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ሥር እየጎተተ አወጣልኝ። ሁለቱ ሻግተው ነበር። እናታችን በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዘጌ ወዳለችው ዑራ የምትሻገረው በዚያች ጀልባ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ከሲያትል ስመጣ ከንግሡ በፊት ሁለት ደህና የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን አሠርቼ ጀልባዋ ላይ ለማስገጠም ቆርጬ ነበር። ጥር 6 ቀን ባሕር ዳር ገባሁ፣ የመመለሻ ትኬቴም ለየካቲት 20 የተቆረጠ ስለነበር ጊዜው ከበቂ በላይ መስሎኝ ነበር።

የፈለግሁት ነገር የተራቀቀ አልነበረም። አንደኛው ሳጥን ለላይፍ ጃኬቶች ብቻ የሚሆን፣ ቁልፍ የሌለው፣ ማንም ሰው በአንድ እጁ የሚከፍተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለገመድ፣ ለመፍቻና ለትርፍ ካንዴላ፣ እንዲሁም እምቦጭ የሞተሩን ማራገቢያ ሲጠመጥመው ለሚቆረጥበት ቢላዋ ነበር። ቤንዚኑ ከሁለቱም ውጭ እንዲሆን ፈልጌአለሁ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ወደ ታች ተኝቶ ይጠራቀማልና፣ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሁለቱም ሳጥኖች ተሳፋሪ የሚቀመጥባቸው ስለሆኑ ቁመታቸው ከ42 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ ከታች ደግሞ በሁለት ጣውላ ላይ ቆመው ወለሉ ላይ የሚጠራቀመው ውኃ በሥራቸው እንዲያልፍ ነገርኳቸው።

ክብደትም ያሳስበኝ ነበር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ በዚህ ስስ አየር የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። በዚያ ላይ ሐይቁ ስፋቱን ያህል ጥልቀት የለውም፣ እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ውኃውን ወደ ጀልባው ይረጨዋል። ለዚህ ቦታ የሚሠራ ሳጥን ቀላልም ውኃ የማያስገባም መሆን አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለው ባይሠራ ይሻላል።

ጥር 9 ቀን ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። ኃላፊው በጥሩ አቀባበል ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ከየት እንደመጣሁም ጠየቀኝ። ሲያትል ስለው የዋጋው ወሬ ወዲያው ተለወጠ። ለሁለቱ ሳጥን 46,000 ብር አለኝ፤ ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተነባብሮ የተጣበቀ ጣውላ)፣ የማይዝግ ማጠፊያና ሦስት ጊዜ የተቀባ ቀለም እንደሚጨምር፣ በ10 ቀን ውስጥም እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ቀብድ 30,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ በመጨረሻው ክፍያ ጊዜ አንድ ላይ ይሰጥሃል ተባልኩ፤ ጀልባዋን መጥታችሁ ለኩ ስላቸው ደግሞ ቁጥሩን ከሰጠኸን ይበቃል አሉኝ። እነዚህን ሁለት መልሶች ስሰማ ገንዘቤን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ከ20 ዓመት በኋላ በአገሬ ከተማ በገዛ ቋንቋዬ ሥራ ማሠራቴ ደስ ብሎኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

ጥር 19 ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉኝ። ይህ እውነት ነበር፤ በዚያ ሳምንት እናቴም ቤት ሦስት ቀን ጠፍቷል፣ ስለ መብራቱም አንድም ቃል አልተናገርኩም። ጥር 23 ስሄድ አናጺው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ጥር 27 ሌላ ሰው ሱቁን እየጠበቀ አገኘሁትና ስለ እኔ ሥራ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የካቲት 2 ስልክ ደውዬ ነገ ጠዋት ና ተባልኩ፤ በነጋታው ስሄድ ኮምፔንሳቶው ገና አልተቆረጠም ነበር። ያን ቀን ኃላፊው ያለ ምንም ኀፍረት፣ ዶላር ጨምሯልና 8,000 ብር ትጨምራለህ አለኝ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ መወደዱን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ዋጋ የተስማማነው ከ2016 በኋላ ነው፣ ቀብዱን የሰጠሁትም ዕቃው በዚያው ሳምንት እንዲገዛበት ነበር። ተከራከርኩ፤ በመጨረሻ ግን የንግሡ ቀን እየቀረበ ስለመጣ ከፈልኩ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ስሙንም ሳይሸሽግ፣ ወደዚያው ቤት ደውሎ ልክ የእኔን ዓይነት ሁለት ሳጥን ስንት እንደሆነ ጠየቀ። 24,000 ብር አሉት። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው። እኔ በምኖርበት ከተማ ሌክ ዩኒየን ከሚባለው ሐይቅ ዳር የጀልባ ሥራ ያሠራሁባቸው ሰዎች ዋጋቸው ውድ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል፣ ጎረቤቴም ቢጠይቅ ያንኑ ወረቀት ያገኛል። ትርፍ ይውሰዱ፣ እኔም አልነፍጋቸውም። ከእናቴ ልጆች አንዱን በ24,000 ሌላውን በ54,000 ብር ማስተናገድ ግን ንግድ አይባልም።

ሳጥኖቹን የካቲት 13 ቀን፣ በተዋዋልን በ34ኛው ቀን፣ በባጃጅ ጭኜ ወደ ዳር ወሰድኳቸው። ለዓይን ያማሩ ነበሩ፤ ሰማያዊ ቀለማቸው ያበራል። ጀልባዋ ውስጥ ስናስገባቸው ግን አልተቀመጡም፤ የጀልባዋ ጎን ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ የእነሱ ሳጥን ደግሞ ከላይም ከታችም እኩል ስለሆነ በአንድ ጠርዙ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አንድ ቀን መጥተው ቢለኩ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ከዚያ ወንድሜ አንድ ባልዲ ውኃ ክዳኑ ላይ አፈሰሰበትና ምሳ በልተን ተመለስን። በማጠፊያው በኩል ያለው ጠርዝ አብጦ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ፊኛ አውጥቷል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ፤ ስቆነጥረው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ ተብሎ የተሸጠልኝ ቺፑድ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ጣውላ ነበር፣ በቀለም የተሸፈነ ቺፑድ። አንዱን ሳጥን ሁለት ሆነን ስናነሣው ለምን ያን ያህል እንደከበደን ያን ጊዜ ገባኝ። ማጠፊያዎቹም ተራ የቁም ሣጥን ማጠፊያዎች ነበሩ። ደውዬ ስናገር፣ ሥራው አንዴ ከተረከብክ የእኛ ኃላፊነት አይደለም ተባልኩ፤ ደረሰኙም እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ ተወው ልጄ፣ ስንት ዘመን ያለ ሳጥን ተሻግሬያለሁ አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር፤ እኔን ግን የባሰ ከፋኝ።

ያን ዕለት ማታ የዘጌው ዘመዳችን፣ ቀፎ የምገዛበትን ልጅ ለምን አትጠይቀውም አለኝ። ልጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘመናዊ ቀፎ የሚሠራ፣ ዕድሜው ከ30 ብዙም የማይበልጥ አናጺ ነው። ጀልባ ላይ ሠርቶ እንደማያውቅ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ሆኖም ወዲያው፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ ጀልባዋን ልያት አለና በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት ዳር ላይ ተገኘ። ካርቶን ይዞ መጥቶ ነበር። ካርቶኑን ከጀልባዋ ጎን ጋር እያስጠጋ፣ በቢላዋ እየቀነሰ፣ እንደገና እያስጠጋ፣ ያለ ምንም ክፍተት ልክ እስኪቀመጥ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየበት። ሜትር ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋውን በደብተር ወረቀት ጻፈው፦ ለአንድ ሳጥን 11,500 ብር፣ እንጨቱ ዋንዛ፣ ክዳኑ በቆርቆሮ የተለበጠ፤ ግማሹ ክፍያ እንጨቱን ዓይቼ፣ ግማሹ ሳጥኑን ከሞከርኩ በኋላ። እስከ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ የሚደርስለት አንዱ ብቻ እንደሆነም በግልጽ ነገረኝ። ከ34 ቀን የነገ ቀጠሮ በኋላ አይደርስም የሚል ቃል መስማት እንዴት እንደሚያሳርፍ ለመግለጽ ይቸግረኛል።

ቀፎ የሚሠራ ሰው ለካ የጀልባ ሳጥን ግማሹን ሙያ ይዞ ነው የሚመጣው። የዘመናዊ ቀፎ ክዳን ከግድግዳው ወደ ውጭ አልፎ እንደ ቆብ ይወርዳል፣ ላዩም በቆርቆሮ ይለበጣል፤ ስለዚህ ዝናቡ መጋጠሚያውን ሳያገኘው ይንጠባጠባል። ያንኑ አሠራር ለሳጥኑ አደረገው። ዋንዛው ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመች ነው፤ ማዕዘኖቹን በሚስማር ብቻ ሳይሆን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ በኮላ አጣበቃቸው፣ የሰው ጉልበት የሚነካውንም ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። በክዳኑ ውስጠኛ ዙሪያ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ የቀደደውን ጎማ ለጠፈበት። ከዚያ አንድ ገጽ ጋዜጣ ሳጥኑ ውስጥ ዘርግቶ ዘጋውና ሁለት ባልዲ ውኃ ከላይ አፈሰሰ። ሲከፍተው ጋዜጣው በአንድ ማዕዘን በኩል የጣት ያህል ረጥቦ ነበር። እኔ ይበቃል አልኩ፤ እሱ ግን ጎማውን ነቅሎ በዚያ ማዕዘን ደረብ አድርጎ መልሶ ለጠፈና እንደገና አፈሰሰ። በሁለተኛው ጊዜ ጋዜጣው ደረቅ ነበር።

አንድ ጉድለት አለው፤ በጊዜው እጥረት ምክንያት ቫርኒሹ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶ ነው የተረከብኩት። ይህንንም ራሱ ነግሮኝ፣ ቀሪዎቹን ሁለት ዙር ከንግሡ በኋላ መጥቶ እንደሚቀባ በወረቀቱ ላይ ጨመረበት።

የካቲት 16 ቀን ሐይቁ ገና ጸጥ ባለበት ሰዓት ተነሣን። እናቴ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ውኃው ይረጨን ጀመር። ወንድሜ የሞተሩን መሪ ሳይለቅ በግራ እጁ ክዳኑን ከፍቶ ላይፍ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አቀበለን፤ ደረቅ ነበሩ፣ የቤንዚን ሽታም የላቸውም።

እንዲህ ያለ ሥራ ባሕር ዳር ለማሠራት ለምታስቡ ከልቤ የምለው አለኝ። በውጭ አገር ቢ.ኤስ. 1088 የሚል የብሪታንያ የጥራት ደረጃ ማኅተም ያለበት የጀልባ ኮምፔንሳቶ ከሱቅ ይገዛል፤ እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ግን ማኅተም ያለበት አላየሁም። ስለዚህ ውኃ ይችላል ሲሏችሁ ቁራጭ ጠይቁና ቤት ወስዳችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ለጀልባ አይሆንም። የእንጨቱ ዓይነት በወረቀት ካልተጻፈ ቀብድ አትስጡ፣ ጀልባችሁን መጥቶ ለማይለካ ሰው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ አትስጡት። የዋጋ ጥያቄውንም በመጀመሪያ አገር ቤት የሚኖር ዘመድ ይጠይቅላችሁ።

ሁለተኛው ሳጥን እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው ያለቀው። ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶውን ላከልኝ፤ ሁለቱም ሳጥኖች ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀብተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ቢላዋውም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ በቆዳ ተይዞ ይታያል። ቢላዋው በዚያ እንዲቀመጥ እኔ አላዘዝኩም። የተከፈለው ዋጋ በደብተሩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው፣ 11,500 ብር።