የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል (ከ5 ኮከብ 4)

ወረፋው 2 ሰዓት ተኩል ነው የፈጀብኝ፣ ልጄን እህቴ ጋ ትቼ ስለመጣሁ ልቤ እዛው ነበር። ስገባ ጠና ያሉት ሲስተር መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ የምትውጪው መድኃኒት ካለ አሳይኝ» ነው። ላስቲኩን ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት፣ ካርባማዜፒን 200 ጠዋትና ማታ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቴ ነው። ከዛ ክንዴ ላይ ያለችውን ጠባሳ አዩና «ኢምፕላንት ነበረሽ?» አሉኝ።

አዎ ነበረኝ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ። አንድ የግል ክሊኒክ ነው ያስቀበርኩት፣ ከፍዬ በ10 ደቂቃ ጨረሱልኝ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ያለኝ ሰው ግን የለም፣ እኔም የሚጥል በሽታ አለብኝ ብሎ ማውራት ይከብደኛል፣ 3 ዓመት አታስቢ ተባልኩ በ11ኛው ወር አረገዝኩ። ልጄ ጤነኛ ነው ተመስገን፣ ግን መድኃኒቱ ጎድቶት ይሆን እያልኩ ዘጠኙን ወር በሰላም የተኛሁበት ሌሊት የለም፣ ባለቤቴ ደግሞ በደንብ ስላልተቀበረ ነው ይል ነበር።

አቀባበሩ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ካርባማዜፒን ጉበትን ስለሚያነቃቃው ጉበት የኢምፕላንቱን ሆርሞን ቶሎ ቶሎ እየሰባበረ ያስወግደዋል፣ እንክብልም ያው ነው አሉኝ፣ ሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ፊኖባርቢታልና ፌኒቶይንም፣ እንደዚሁ ናቸው። ታዲያ መድኃኒቱን ላቁመው ስላቸው ተቆጡኝ፣ «በራስሽ እንዳትነኪው! ብታቆሚውም ጉበትሽ ላይ ያለው ነገር እስከ 4 ሳምንት ይቆያል» አሉ። ለእኔ የሚሆነው የሶስት ወሩ መርፌ ወይ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ነው፣ የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው መድኃኒቱ የሚያበላሸው ነገር የለም፣ እሱን መረጥኩ።

ላሞትሪጅን የሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ጓደኛዬም ጠየቅኩላት፣ እሷ ጋ ነገሩ ይገለበጣል፣ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ እንክብል ላሞትሪጅኑን ደሟ ውስጥ በግማሽ ያህል ሊያወርደው ስለሚችል የሚያሰጋት በሽታው እንዳይነሳባት ነው፣ ሐኪሟን ሳታማክር እንዳትጀምር አሉኝ። ማታውኑ ደወልኩላት።

ሉፑ ሲገባ ያማል አልዋሻችሁም፣ የመጀመሪያዎቹ ወራትም የወር አበባዬ በዝቶብኝ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል። አገልግሎቱ በነጻ ነው። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለመጋረጃው ነው፣ አልጋው ላይ ሆኜ በሩ ሁለቴ ተከፈተ፣ ሴት ልጅ እንደዛ ሆና በር ሲበረገድባት ያሳቅቃል እባካችሁ አስተካክሉት።

ስወጣ ሲስተር ካርዴን መልሰው ተቀበሉኝና ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ካርባማዜፒን ትወስዳለች» ብለው ጻፉበት፣ ሁለቴ አሰመሩበት።