የአቦሸማኔ ግልገል «በማደጎ» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚመላለስ አንድ ማስታወቂያ አለ። ፀጉሩ የተንጨባረረ የአቦሸማኔ ግልገል ይታያል። «ከኮንትሮባንዲስቶች እጅ ያዳንነው ነው፤ በወር 25 ዶላር በማደጎ ውሰዱት» ይላል። ግልገሉ ቤታችሁ አይመጣም፤ የምትከፍሉት ማሳደጊያውን ነው። በልጃችሁ ስም ሰርተፍኬት ይመጣል፣ ፎቶ ይመጣል፣ ለግልገሉ ስም ማውጣትም ይቻላል። እባካችሁ የካርድ ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የገጹን ስም አልጠራም። በየጊዜው ስለሚቀያይረው ብጠራላችሁም አይጠቅማችሁም። አሠራሩን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

የገዛችው እህቴ ናት፣ ለትንሹ ልጇ ልደት። ልጁ ስለ ዱር አውሬ ሲወራ ምግቡንም ይረሳል። «አሻንጉሊት ከምገዛለት ብሩ ለአንድ ነፍስ ይድረስ» ብላ ነው። ሰርተፍኬቱ በኢሜይል መጣ፣ ታተመ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከጊዜ በኋላ ዳላስ ያለች የአጎታችን ልጅ ለሴት ልጇ የገዛችውን በስልክ ላከችልን። ፎቶው ያው ፎቶ ነው። የእኛው ወንድ ነበር፣ የእነሱ ሴት ሆኖ መጣ። ስሙም ሌላ፣ ተያዘ የተባለበት አገርም ሌላ።

አቦሸማኔ ደግሞ ከአቦሸማኔ አይምታታም። ነጠብጣቡና የጅራቱ ቀለበቶች እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው። ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩትም በዚሁ ነው። ስለዚህ «ተመሳስለው ይሆናል» የሚባል ነገር የለም። ፎቶውን በጎግል ስንፈልገው ከአንድ እውነተኛ የእንስሳት ማዕከል ገጽ ላይ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንድ ምሽት «ግልገላችሁ ታሟል፣ እስከ ነገ ጠዋት 200 ዶላር ካልተገኘ አይተርፍም» የሚል መልእክት መጣ። ያውም በዜል (አሜሪካ ውስጥ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ወይም በስጦታ ካርድ ብቻ። ልጁ አንብቦት ሲያለቅስ አደረ። እኔን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። የአዋቂን ኪስ መዳበስ አንድ ነገር ነው። የልጅን ርኅራኄ ገንዘብ ማውጫ ማድረግ ግን ክፋት ነው። እህቴ ማደጎውን ለማቋረጥ ስትጽፍ ኢሜይሉ አይሠራም። ወርሃዊው 25 ዶላር ግን መቆረጡን ቀጠለ። ባንክ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ስም የስልክ ዕቃ መሸጫ እንጂ የእንስሳት ድርጅት አይመስልም።

ይህን ስጽፍ እንስሳትን በዚህ መንገድ መርዳት ሁሉ ሌብነት ነው ማለቴ አይደለም። በትክክል የሚሠሩ አሉ። እነሱን ካላወቅን ሌባውንም አንለይም።

ናይሮቢ ያለውን ሼልድሪክ ዋይልድላይፍ ትረስትን ውሰዱ። እናታቸው የሞተችባቸውን የዝሆን ግልገሎች የሚያሳድግ ድርጅት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተ። መሥራቿ ዳፍኒ ሼልድሪክ ጡት ያልጣለ የዝሆን ግልገል የሚስማማውን ወተት ለማግኘት ብዙ ዓመት ለፍታለች። የላም ወተት ስብ አይስማማውም፤ በመጨረሻ የተስማማው የኮኮናት ዘይት ያለበት ወተት ነው። ትንንሾቹ በየሦስት ሰዓቱ ይጠጣሉ፣ ሌሊትም ጭምር። ጠባቂዎቹ እዚያው በረቱ ውስጥ ከግልገሉ ጋር ያድራሉ። ከፍ ሲሉ ኬንያ ውስጥ ወዳለው የፃቮ ፓርክ ይወሰዱና ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ከዱር ዝሆኖች ጋር ይቀላቀላሉ። ለአንድ ግልገል ማደጎ የሚጠየቀው በዓመት ከ50 ዶላር ጀምሮ ነው። በዓመት ነው ያልኩት፣ በወር አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያም አንዱን ግልገል ብዙ ሰው ያሳድጋል፤ ይህን ደግሞ አይደብቁም። ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ አንድ እንስሳ መያዙ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። የአንድ ዝሆን ወተት፣ ሐኪምና ጠባቂ በአንድ ሰው 50 ዶላር አይሸፈንም። ማደጎው ምሳሌያዊ ነው። የምትከፍሉት እርዳታ ነው፣ ወረቀቱ ምስጋና ነው። ብዙዎቹ ጨዋ ድርጅቶች ገንዘቡ ለዚያ አንድ እንስሳ ብቻ ሳይሆን ለጠቅላላ ሥራቸው እንደሚውል ይጽፋሉ። «ይህ ግልገል የእናንተ ብቻ ነው፣ ለሌላ አንሰጠውም» የሚላችሁን ነው መጠርጠር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከአገር ቤትም ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወጡ፣ ሆለታ አጠገብ፣ እንስሳኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። እዚያ የሚገኙት ከሰው እጅ የተያዙ አንበሶች፣ ከኮንትሮባንድ የተነጠቁ አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም ናቸው። ዶሎ የተባለውን አንበሳ ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በሶማሊያ ድንበር ባለችው በዶሎ ከተማ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የተገኘው ነው፤ ስሙም የወጣው ከከተማዋ ነው። የእውነተኛ እንስሳ ታሪክ ይህን ይመስላል። የተገኘበት ቦታ ይታወቃል። የያዘው መንግሥት፣ የተረከበው ድርጅት፣ ያለበት ግቢ ይታወቃል። የእህቴ ልጅ ሰርተፍኬት ላይ የነበረው ግን «አፍሪካ» የሚል አንድ ቃል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የ25 ዶላሩ መጥፋት ትንሹ ጉዳት ነው።

አጭበርባሪዎቹ የአቦሸማኔን ግልገል የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ፣ በሶማሊላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። በጉዳዩ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ በየዓመቱ 300 ገደማ ግልገሎች በዚህ መንገድ ይወጣሉ ብሎ ይገምታል። በዱር የቀረው የዓለም አቦሸማኔ በሙሉ 7,000 ገደማ ነው። ብዙዎቹ ግልገሎች መንገድ ላይ ያልቃሉ፤ በረሃብ፣ በውኃ ጥም፣ በማይስማማ ምግብ። የተረፈውም ወደ ዱር አይመለስም ማለት ይቻላል። ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል፤ ማደን የሚማረው በዚያን ጊዜ ነው። ያን ያጣ እንስሳ ዕድሜ ልኩን ከሰው እጅ ይበላል። ለዚህ ነው እውነተኛ ማዕከሎች ገንዘብ የሚቸግራቸው። አንድን አቦሸማኔ መቀበል ማለት ለዓመታት በየቀኑ ሥጋ መግዛት ማለት ነው።

አንዳንዶቹ ገጾች ታዲያ ፎቶ መስረቅ ብቻ አይደለም የሚሠሩት። እውነተኛ ግልገል ይዘው ይቀርጻሉ። «ከነጋዴው በገንዘባችን ገዝተን አዳንነው» ይላሉ። ይህን ስትሰሙ ቶሎ ራቁ! ነጋዴው አንዱን ሸጦ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። የገዛው ሰው ስሜቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ለነጋዴው ደንበኛ ሆኗል። ካሜራ ፊት የሚያለቅስ ግልገል ገንዘብ እንደሚያስገኝ ካወቁ፣ ግልገል ከእናቱ ይነጠቃል። የእኛ 25 ዶላር እዚያ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ከጉድጓድ፣ ከእባብ አፍ፣ ከወንዝ የተረፈ እንስሳ የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎችም እንዲሁ ሆን ተብለው የተቀረጹ ናቸው። እንስሳውን የሚያተርፈው ሰው ሳይደርስ ካሜራው አስቀድሞ ደርሶ፣ ጥሩ ቦታ ይዞ ሲጠብቅ ካያችሁ ማን ቀድሞ እንደነበረ አስቡ።

የደቡብ አፍሪካው የአንበሳ ንግድ ደግሞ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚሄዱ ወጣቶች «ወላጅ አልባ» የአንበሳ ደቦል ጡጦ ለማጥባት ብዙ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር፣ አሁንም የሚከፍሉ አሉ። ደቦሎቹ ወላጅ አልባ አይደሉም። እናታቸው አጥር ውስጥ አለች። ደቦሎቿ ገና በጨቅላነታቸው ይወሰዱባታል፤ ቶሎ እንድታረግዝ ነው። በዱር ብትሆን ቀጣዩን የምትወልደው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። ደቦሉ ሲያድግና ማቀፍ ሲያቅት በአጥር ውስጥ ለሚደረግ አደን ይሸጣል፣ አጥንቱ ደግሞ ወደ እስያ ይላካል። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ቢያንስ 8,000 አንበሶች እንዳሉ ይነገራል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን የማርባት ሥራ ለማስቆም መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ «መጥታችሁ ማቀፍ ትችላላችሁ፣ ፎቶ መነሳት ትችላላችሁ» የሚል ማደጎ ከመጣላችሁ ግልገሎቹ ሲያድጉ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ። እውነተኛ መጠለያ አያራባም፣ አይሸጥም፣ ጎብኚም እንስሳውን እንዲያቅፍ አይፈቅድም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግ እንደ አንበሳና አቦሸማኔ ያሉ አውሬዎችን ግልገል ለሕዝብ ማስነካትን ከልክሏል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አደገኛ አውሬ በቤት ማሳደግን ከልክላለች። «ባለንበት አገር ሰው ሁሉ ያሳድገዋል» የሚላችሁ ካለ፣ አትመኑት።

ከመክፈላችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? አሜሪካ ያላችሁ፣ ድርጅቱን የግብር መለያ ቁጥሩን ጠይቁትና አይአርኤስ (የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ለዚህ የተሠራ መፈለጊያ አለ፣ ነፃ ነው። የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሚያስገባው ፎርም 990 ለሁሉ ክፍት ነው፤ ስንት እንደሰበሰበና በምን ላይ እንዳዋለ ታያላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በሚቆጣጠረው ቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ላይ ታገኙታላችሁ። አገር ቤት የሚሠራ ነኝ የሚላችሁን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ፤ የዱር እንስሳ ይዣለሁ ካለ ደግሞ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ሳያውቅ እንዴት ይሆናል? ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ በተለይ ጥንቃቄ አድርጉ። ኤምሬትስን በመሰሉ አገሮች ያለ ፈቃድ እርዳታ መሰብሰብ ወንጀል ነው። ለማታውቁት ገጽ በግሩፕ አዋጥታችሁ ብትልኩ ችግሩ ለእናንተ ይተርፋል።

ምዝገባው ቢሟላም ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ እንስሳው የት ነው? አገሩን፣ ከተማውን፣ ማዕከሉን። የሕገ ወጥ አዳኞችን ዓይን ለመሸሽ ትክክለኛ ቦታውን የማይናገሩ ድርጅቶች አሉ፣ ልክ ናቸው። ግን ማን እንዳስረከባቸውና በምን ፈቃድ እንደያዙት ይነግሯችኋል። ሁለተኛ፣ እንስሳው ቢሞት ምን ይደረጋል? የተጎዳ ግልገል ብዙ ጊዜ ይሞታል። ቅን ድርጅት ይህን ይጽፍላችኋል፣ አዝኖ ይነግራችኋል። ለዓመታት ሳያድግ በአንድ ፎቶ የሚኖር ግልገል ግን የለም።

ክፍያውንም አንብቡት። በትንንሽ ፊደል «በራሱ ይታደሳል» የሚል ካለ፣ እንዴት እንደሚቋረጥ አብሮ መጻፍ አለበት። የአንድ ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ መጨረስ ይሻላል። በዜል፣ በካሽ አፕ፣ በክሪፕቶ ወይም በስጦታ ካርድ ብቻ የሚቀበልን ተዉት። ያ ገንዘብ ከሄደ አይመለስም።

ከፍላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ለባንካችሁ ደውሉና ያ ድርጅት ከዚህ በኋላ እንዳይቆርጥ አስደርጉ። አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ከሆነ፣ ያልፈቀዳችሁትን ወይም ያልቀረበላችሁን ነገር ክፍያ ለመከራከር ያላችሁ ጊዜ ክፍያው ያለበት ወረቀት ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ሰርተፍኬቱን፣ መልእክቶቹን፣ የገጹን ፎቶ አስቀምጡ፣ አትሰርዙ። ለአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም (የማጭበርበር አቤቱታ ለሚቀበለው መሥሪያ ቤት) አመልክቱ፤ በኢንተርኔት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ፎቶው ከየትኛው ማዕከል እንደተሰረቀ ካገኛችሁ ለማዕከሉ ጻፉለት። የእህቴ ክርክር ተቀባይነት አግኝቶ የመጨረሻዎቹ ክፍያዎች ተመልሰዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ግን ጊዜያቸው አልፎ ነበር።