ባለ ኮለም የአርኤንኤ ማውጫ ኪት፦ ድሬዳዋ ላይ ያዋጣል?

የመድኃኒት መርዛማነትን በሄፕ-ጂ-2 የጉበት ሴሎች የጂን አገላለጽ ለሚፈትሽ ላብራቶሪ፣ አርኤንኤን (የጂን መልእክት የሚይዘውን ሞለኪውል) ከሴል የሚያወጣው ይህ ኪት ያዋጣል፤ ሙቀቱን ካልተጠነቀቁ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ 350 ማይክሮሊትር ሴል ማፍረሻ፣ እኩል መጠን 70 በመቶ ኤታኖል፣ ኮለሙ (አርኤንኤውን የሚይዘው ባለ ማጣሪያ ትንሽ ቱቦ) ላይ 15 ደቂቃ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም)፣ ሁለት ዙር እጥበት፣ በመጨረሻ 30 ማይክሮሊትር ውሃ። መመሪያው «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። የድሬ ክፍል በግንቦት ከዚያ በላይ ነው! የማጠቢያው ክዳን ላልቶ ከዋለ ኤታኖሉ ይተናል፤ ያኔ አርኤንኤው ከኮለሙ ለቆ አብሮ ይታጠባል። ጠርሙሱን ወዲያው ክደኑት።

የአርኤንኤው ንጽሕና በብርሃን መምጠጥ ሲለካ፣ የ260/280 ናኖሜትር ንባብ 2.0 አካባቢ ሆኖ 260/230 ከወረደ ከሴል ማፍረሻው የቀረው የጓኒዲን ጨው ነው። እጥበቱን ድገሙና ኮለሙን ባዶውን 1 ደቂቃ አሽከርክሩት።

ኪቱ የማይሸፍነው የሙከራውን አነዳደፍ ነው። ዲኤምኤስኦ (መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ) ከ0.5 በመቶ አይለፍ፤ መድኃኒት ያልነካው ናሙናም ያንኑ ያህል ይግባበት። የመድኃኒቱን መጠን አስቀድማችሁ በኤምቲቲ (ሕያው ሴሎችን በሚለካ ፈተና) ለዩ፤ ሴሎቹ በጅምላ እየሞቱ የሚለካ ጂን ከሞት ሌላ የሚነግረን የለም። ሄፕ-ጂ-2 መድኃኒት የሚለውጡት የሳይቶክሮም ፒ450 ኢንዛይሞቹ ደካሞች ስለሆኑ፣ እንደ ፓራሲታሞል ጉበት ውስጥ ተለውጦ የሚመርዝን መድኃኒት መርዛማ እንዳልሆነ አድርጎ ሊያሳልፈው ይችላል።