ለቢዝነስ ተማሪ ኮሌጅ መምረጥ፦ ድሬ ላይ ሦስት ሳምንት ዞረን ያየነው

ትንሹ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛን በሶሻል ተፈትኖ ከግማሽ በላይ አመጣ፣ አልሃምዱሊላህ። በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016ም 5.4 ነው፣ እና ውጤቱ የወጣ ቀን እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ሆጃ ስታጠጣ ነው ያመሸችው። ልጁ አካውንቲንግ ካልሆነ ብሎ ከ10ኛ ጀምሮ ወስኗል፣ እማዬ ደግሞ ከድሬ ርቆ እንዲሄድባት አትፈልግም። እና እኔና እሱ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት ሦስት ሳምንት ከስራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ዞረን የግሉንም የመንግስቱንም አየን። ለሌላ ቤተሰብም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ የግል ኮሌጅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ህንጻው ያምራል፣ ኤሲ አለው፣ በዚህ ሙቀት ኤሲ ያለበት ክፍል ስትገቡ ልባችሁ ወዲያው ይሸነፋል። ሪሴፕሽኗ ልጅ ውሃ ሰጠችን፣ "ዛሬ ከተመዘገበ ቅናሽ አለው" አለችኝ፣ እኔም 500 ብር መመዝገቢያ ከፈልኩ። ደረሰኙን እስክትጽፍልኝ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የእውቅና ደብዳቤ ማንበብ ጀመርኩ። ስራዬ ትራንዚት ቢሮ ነው፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሞላው የእቃ መግለጫ) ላይ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ እቃው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ወረቀት ሳይ እስከ ማህተሙ ድረስ ሳላነብ አልተውም። ካምፓስ የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የሌላ ከተማ ስም ነው! ፕሮግራሙም ማኔጅመንት እንጂ አካውንቲንግ የሚል የለበትም። "ይሄ የድሬው አይደለም እኮ" ስላት "ያው ነው እህቴ፣ ዋናው መስሪያ ቤት ከተፈቀደለት ለሁላችንም ነው" አለችኝ።

ያው አይደለም። የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስ፣ በትምህርት አይነትና በአሰጣጥ ነው። የመደበኛ ፈቃድ አለ ማለት የዲስታንስ አለ ማለት አይደለም፣ ማኔጅመንት ተፈቀደለት ማለት አካውንቲንግም ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ያ ልጅ አራት አመት ከተማረ በኋላ ዲግሪው ዋጋ የለውም ቢባል ማንን ነው የሚከሰው? ብሬን መልሱልኝ ብል መመዝገቢያ አይመለስም አሉኝ፣ እስካሁንም አልመለሱልኝም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ለብሩ ብቻ አይደለም፣ ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩት አባት ከገጠር የመጡ ናቸው፣ ወረቀቱን ቀና ብለውም አላዩትም።

ሁለተኛው የግል ኮሌጅ ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ህንጻው አሮጌ ነው፣ ቬንትሌተሩ ይንጫጫል፣ ግን ዲኑ ገና ሳንጠይቀው መሳቢያውን ከፍቶ የድሬን ካምፓስ ፈቃድ አወጣልን፣ ከዛ የኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ውጤታቸውን በዲፓርትመንት ለይቶ አሳየን፣ አካውንቲንግ ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ። ዝቅ ያለበትን አመትም አልደበቀም፣ "እዚህ ጋ ኮስት አካውንቲንግ ላይ ነው የወደቁብን፣ አስተማሪ ቀይረናል" አለን። ይሄን የሚል ሰው ጋ ነው ልጅ የሚሰጠው።

ኤግዚት ኤግዛሙን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ። ከ2015 ጀምሮ የግልም የመንግስትም ተማሪ ዲግሪ ለመያዝ መፈተን አለበት፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ኮርሱን ሁሉ በኤ ጨርሰህ እሱን ካላለፍክ ዲግሪውን አታገኝም። ስለዚህ ኮሌጅ ስታዩ ስለ ካፌውና ስለ ምረቃ ፎቶው ሳይሆን ባለፈው ዙር ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት አለፈ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩን መናገር ካልፈለጉ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው። ደግሞ ከ50 በታች ያመጣን ልጅ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሳይወስድ ቀጥታ ዲግሪ እንመዘግባለን የሚላችሁ ካለ እግሬ አውጪኝ በሉ።

ወደ መንግስቶቹ ልምጣ። እዚያ እንደ ግል ሄዶ መመዝገብ የለም፣ ምርጫ ትሞላለህ ሚኒስቴሩ ይመድብሃል (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ሆኗል፣ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው)። ሌላው ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር፣ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ ማለት አካውንቲንግ ገባ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያው አመት የጋራ ትምህርት) አለ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ማትስ፣ ኢኮኖሚክስ ምናምን ይማራል፣ ከዛ ነው በውጤቱ ዲፓርትመንት የሚመርጠው። ለወንድሜ ደጋግሜ የነገርኩት ይሄን ነው፣ ፍሬሽማን ላይ የተኛ ልጅ የፈለገውን አያገኝም።

ሀረማያ በሚኒባስ ነው የሄድነው፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ አገር ነው፣ ወንድሜ በቲሸርት ሄዶ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፉ፣ ጸጥታው፣ ለማንበብ የተሰራ ቦታ ነው። የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ፣ በ1977 ዩኒቨርሲቲ የሆነ ትልቅ ቤት ነው፣ ቢዝነሱም የቆየ ነው። ለኢኮኖሚክስ፣ በተለይ የእርሻ ንግድ ነገር ለሚፈልግ ልጅ እኔ ሀረማያን ነው የምመርጥለት፣ ቡናውም ጫቱም ዙሪያው ነው። ግን ከግቢ ውጪ በትርፍ ሰዓት የሚሰራ ነገር ብዙ የለም።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በእድሜ ልጅ ነው፣ 1999 ነው ማስተማር የጀመረው፣ ሙቀቱም አይቻልም፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ዶርም ውስጥ ማንበብ ፈተና ነው ይሉሃል ተማሪዎቹ። ለአካውንቲንግ ግን ከተማው ራሱ ትምህርት ቤት ነው። የጅቡቲ መስመር ላይ ነን፣ ጉምሩኩ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 መጨረሻ የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠና፣ ሁሉም ሂሳብ የሚሰራለት ሰው ይፈልጋል። እኛ ቢሮ ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ልጆችን አያለሁ፣ ዴቢት ክሬዲቱን በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ እውነተኛ ኢንቮይስ ስትሰጡት ግራ ይገባዋል። አንዷ ግን ክረምት ክረምት መጋላ የአጎቷ ሱቅ ሂሳብ ስትይዝ የኖረች ልጅ ነበረች፣ ኤክሴል ታውቃለች፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ታውቃለች፣ በሁለተኛው ሳምንት የባንክ ማስታረቂያ ብቻዋን ሰርታ አመጣችልኝ፣ አለቃዬ ስትመረቅ ቀጠራት። ወንድሜም እንደዛ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው፣ ከክፍል ወጥቶ ባጃጅ ይዞ አስር ደቂቃ ውስጥ ስራ ቦታ የሚገኝበት ከተማ ይሻለዋል።

እና ድሬዳዋን አንደኛ፣ ሀረማያን ሁለተኛ አድርጎ ሞላ። እማዬ ሁለቱም ስለሚቀርቧት ደስ ብሏታል፣ ሀረማያ ከደረሰው ብላ ጃኬት ገዝታ አስቀምጣለች። ምደባው ሌላ ቦታ ሩቅ ከጣለው ደግሞ ቬንትሌተሩ የሚንጫጫው ኮሌጅ ነው የምናስመዘግበው፣ የዲኑን ስልክ ይዣለሁ።