ጅማ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የስኳር ታማሚ ካለ ይህን አንብቡልኝ

ይህ ምስጋና እዚሁ ከተማችን፣ በስኳር ክትትል ክፍል ለምትሠራ አንዲት ሲስተር ነው። ስሜ አይጠቀስ ብላለችና አልጽፈውም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ከእሷ ዘንድ የመጣ ታካሚ ገና ወረቀቱን ሲዘረጋ ያስታውቃል። የትኛውን ክኒን ለምን፣ መቼ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እንደሚውጥ እሱ ራሱ ይነግረኛል። እግዜር ይስጥልን ሲስተር!

አሁን መራራውን ልናገር። «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ተብሎ የማይሸጥ ዱቄት የለም። ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀረፋ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል፣ ሁሉም ባንድ ላስቲክ። ዋጋውስ ይሁን፤ «ኢንሱሊኑን ተወው» የሚሉት ነገር ነው ደም የሚያፈላው። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት፣ ማለትም ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርት ልጅ ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ማስታወክና ቁና ቁና መተንፈስ ይጀምራል፤ ካልተደረሰለት ይሞታል። ባለሙያዎችም ከወቀሳው አናመልጥም። ታካሚው «ሽፈራው እጠጣለሁ» ሲል የሚቆጣው ብዙ ነው። የተቆጡት ሰው መጠጣቱን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል።

ሲስተር ግን «ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ» ትላለች። ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፍና አንድ በአንድ ትጠይቃለች። አንድ አባት ጠዋት ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን 5 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል። ከፌስታሉ ሥር ምንም ያልተጻፈበት ዱቄት ወጣ። «አባባ፣ ላቡ የጀመረዎት ከዚህ በፊት ነው ወይስ ይህን ከጀመሩ ወዲህ?» ብቻ ነው ያለቻቸው። ጣታቸውን ወግታ ስትለካ የደም ስኳራቸው 58 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው። ሦስት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ለካች፤ ከፍ ሲልላቸው ዳቦ አስበላቻቸው። ዱቄቱን አስቁማ ክኒኑን ሐኪሙ እንዲያየው ላከቻቸው። ጥርጣሬዋ መሠረት አለው፦ «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ የስኳር ማሟያዎች ውስጥ ራሱ ግሊቤንክላሚድ ተደባልቆ እንደተገኘ የውጭ አገር ተቆጣጣሪዎች ከአንዴም ሁለት ሦስቴ አስጠንቅቀዋል። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ሳያውቅ ክኒኑን ደርቦ እየዋጠ ነው።

አብሽን አትከለክልም። ልጋማ አሰሩ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ግን መድኃኒት አይተካም፤ በኢንሱሊን ወይም በግሊቤንክላሚድ ላይ ሲደረብ ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል እየለኩ ነው። በማር የሚጠጣ ካለ ማሩ ራሱ ስኳር ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ምግብ መሃል ወይም እንደተበላ ይዋጣል። በባዶ ሆድ የዋጡት ናቸው በማቅለሽለሽና በተቅማጥ ተማረው የሚያቋርጡት። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ስለሚያሳንስ እግር ሲደነዝዝ ሁሉንም በስኳሩ ማላከክ አይገባም፤ ያስመርምሩ። ከማሟያ ሁሉ በቂ ምክንያት ያለው ይኸኛው ነው፤ እሱም ማነሱ በምርመራ ሲታይ።

የጅማን ኑሮ ማወቋ ደግሞ ሌላው ነው። ስለ ጫት ሳታፍር ትጠይቃለች። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ ውጦ ምሳ ሳይበላ የቃመ ሰው ስኳሩ ይወርድበታል፤ ላቡንና መንቀጥቀጡን ምርቃና ነው ብሎ ያልፈዋል። በለስላሳ ከቃመ ደግሞ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ረመዳን ሳይገባ ወር ሁለት ወር ቀደም ብላ ጿሚዎችን ታስጠራለች፤ ጾሙ የማይመከርለትን በግልጽ ትነግረዋለች። ለሚጾሙት ሐኪሙ የጠዋቱን መጠን ወደ ኢፍጣር ያዛውራል። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይፈታል ትላለች፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፍ ቀስ አድርጎ ማንከባለል እንጂ መናጥ እንደሌለበት፣ ያበጠ ቦታ ላይ የተወጋ በደንብ እንደማይመጠጥ፣ ፍሪጅ የሌለው በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ሸክላ ማቆየት እንደሚችል፣ በረዶ የሠራ ደግሞ እንደሚጣል በእጇ እያሳየች ታስተምራለች።

ስለዚህ ሂዱ፤ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መለኪያ ካላችሁ በባዶ ሆድና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ የለካችሁትን ጽፋችሁ ያዙ። የት እንደምትገኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።