መርካቶ ውስጥ ታኬታ የሚሰፉት አባባ፦ ተከላካይ እህት ላላችሁ

ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ቦታዋ ግራ መስመር ተከላካይ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ሰዎች ሳላብራራ ይገባችኋል፤ ዝናቡ ከጀመረ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ተከላካይ ደግሞ እየተንሸራተተ ኳስ የሚነጥቅ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀደደው የሷ ታኬታ ነው። ሁልጊዜ በውጭ በኩል፣ ትንሿ ጣት ጋ፣ ሶሉ ከቆዳው ይላቀቃል።

አምና አንድ ሱቅ 38 ቁጥር ብሎ የሸጠን ታኬታ የወንድ ስፋት ስለነበረው ሁለት ካልሲ ደርባ ነበር የምትጫወተው። ተረከዟ ውስጡ ይዋኛል። በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ተከፈተ፣ ሊመልሱልን ግን ፈቃደኛ አልሆኑም። የሴት እግር ተረከዙ ጠበብ ይላል፤ ናይክ እንኳን ለሴቶች ብሎ ፋንተም ሉና የተባለውን ታኬታ ያወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ የምናገኘው አብዛኛው ሳልባጅ ነው፣ እሱም የወንድ።

ከዚያ ነው ሰው ወደ አባባ የላከን። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ናቸው፣ የስም ሰሌዳ የላቸውም፣ ጃንጥላና አንድ ዱካ ብቻ። ታኬታውን አገላብጠው አዩና እህቴን ጠየቋት፦

«ልጄ፣ በየትኛው እግርሽ ነው የምትንሸራተቺው?»

«በግራዬ ነው፣ አባባ።»

በዚህ ጥያቄ ነው የወደድኳቸው። ሌላው ሰፊ ማስቲሽ ቀብቶ ይሰጣችኋል፤ ማስቲሽ ብቻውን የጅማን ጭቃ አይችልም። እሳቸው የድሮውን ማስቲሽ ፍቀው አስለቀቁ፣ በወስፌ እየበሱ ዙሪያውን በናይለን ክር ሰፉት፣ ግራውን ሁለት ጊዜ። ተረከዙ ውስጥ ስስ ቆዳ ለጥፈው አጠበቡላት። ከዚህ በኋላ አንድ ካልሲ በቂ ሆነ! ረጅም የብረት ጥርስ እናስገጥም ስንላቸው እምቢ አሉ። ጥርሱ መሬት ውስጥ ከተቀረቀረ ስትዞሪ ጉልበትሽ ይጠመዘዛል ብለው። ልክ ናቸው፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶቹ በጣም አብዝቶ ነው የሚያጠቃው።

250 ብር ከፈልን። ሦስት ወር ሆኖታል፣ ክሩ አልላላም።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። እህቴ ሰሞኑን ስልኳ ላይ ስለ አንዲት ወጣት የሳሞአ ተከላካይ አንብባ «ሳሞአ የት ነው?» አለችኝ። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ሕዝቧ 200 ሺህ አካባቢ የሆነ፣ ራግቢ የነገሠባት የደሴት አገር ናት። የሴቶች እግር ኳስ ቡድኗ በ1998 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ 21 ለ 0 ተሸንፏል። 21! የዚያን ቀን ተከላካይ የነበሩትን ሴቶች አስቧቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ዋና ከተማቸው አፒያ ባዘጋጀችው የፓሲፊክ ጨዋታዎች ፍጻሜ ደርሰው፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ 3 ለ 1 ተሸንፈው ብር ወሰዱ። እህቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችና «ተከላካዮቹ ናቸው የተለወጡት» አለች። እኛ አገር ሁሉም የሚያውቀው ሎዛ አበራን ነው፣ ይገባታልም፣ ግን ሎዛ አጥቂ ናት። የተከላካይን ስም ማን ይጠራል? ቢያንስ ታኬታዋ ይሰፋላት።

ቅሬታም አለኝ። ማክሰኞ ውሰዱ ብለውን ሐሙስ ነው የደረሰው፤ እህቴ አንድ ልምምድ አመለጣት፣ አኩርፋ ነበር። ጥቁር ታኬታ ላይ ነጭ ክር መጠቀማቸውም ደስ አላለኝም፤ እሷ ግን ወዳዋለች። ስልክም አያነሱም።

ስትሄዱ ታኬታውን አጥባችሁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ውሰዱ። ጭቃ ያለበትን አይቀበሉም። አርብ ቀትር ላይ ሶላት ስለሚሄዱ አታገኟቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የየሰፈሩ ልጅ ታኬታውን አንጠልጥሎ ስለሚሰለፍ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ።