ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የቁመት መለኪያ

ለልጅ ልጄ ገዛሁት ብል ውሸት ነው። ለራሴ ነው። በመጣች ቁጥር ቀሚሷ አጥሮ ሳየው ሆዴ ይባባል።

መለኪያው ከ60 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ60 ስለሚጀምር ታችኛው ጫፍ ከወለሉ ልክ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መለጠፍ አለበት። እኔ መነጽሬን ሳላደርግ በግምት ዝቅ አድርጌ ለጠፍኩት። ልጅቷ ክሊኒክ ከተለካችው በ4 ሴንቲ ሜትር በልጣ አረፈችው! ነቅዬ ላስተካክል ስል ደግሞ የግድግዳውን ቀለም ልጦት መጣ። ማጣበቂያው ቅር አሰኝቶኛል።

ቁጥሮቹ ግን ትልልቅ ናቸው፤ እርሳስም ይይዛል። ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ጭንቅላቷ ላይ መጽሐፍ አስተኝቼ አሰምራለሁ። ሁሌም ጠዋት ነው የምለካት፤ ማታ ሰው ትንሽ ያጥራላ።

«እምዬ፣ ተረከዜን አላነሳሁም!» ትላለች። አንስታለች። አይቼ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወንበር ላይ ወጥታ እኔንም ለካችኝ። 154። እሷ 118 ናት። መስመሮቹን ስታይ ቆየችና፣ «እስክደርስብሽ እዚሁ ትቆሚያለሽ አይደል?» አለችኝ።